የአይሲቲ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ያልጠበቅነው የኤክስኪዌሪ ውጤት

የአይሲቲ ክበባችን የዘንድሮ ዋና ሥራ የቤተ መጻሕፍታችንን ካታሎግ በኤክስኤምኤል (መረጃን በታግ እየለየ በሚያስቀምጥ የጽሑፍ ቅርጽ) አዘጋጅቶ ቤዝኤክስ በሚባል የመረጃ ቋት ፕሮግራም ላይ መጫን ነበር። ከካታሎጉ መጽሐፍ የምንፈልገው በኤክስኪዌሪ፣ ማለትም የኤክስኤምኤል መረጃ በሚጠየቅበት ቋንቋ፣ በምንጽፈው ጥያቄ ነው። ቤዝኤክስ ነፃ ነው፤ ጃቫ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ታጎቹን፣ ማለትም እንደ «መጽሐፍ» ያሉትን የመረጃ መለያ ምልክቶች፣ በአማርኛ ሰይመናል፤ ይህን የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም (እ.ኤ.አ. 2008) ይፈቅዳል። ፓርሰሩ (ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም) የቀድሞውን ደንብ የሚከተል ከሆነ ግን በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ቨርዥኑን 1.1 ማድረግ ያስፈልጋል።

የስህተት መልእክት የሚያሳይ ጥያቄ ቶሎ ይታረማል። አባላቱ የለፉት ያለ ምንም መልእክት ያልታሰበ መልስ በሚሰጡት ላይ ነው።

ፋይሉ በመጽሐፍ ተሞልቶ ሳለ //መጽሐፍ («መጽሐፍ» የሚባለውን ታግ ሁሉ አምጣ የሚለው ጥያቄ) ባዶ ካመጣ መጀመሪያ የላይኛውን ታግ እንመለከታለን። እዚያ ዲፎልት ኔምስፔስ (ታጎቹ ሁሉ የሚመደቡበት፣ ብዙውን ጊዜ የድረ ገጽ አድራሻ የሚመስል መለያ ስም) ካለ፣ ኔምስፔሱ ምንም ይሁን ብሎ በሚፈልገው //*:መጽሐፍ እንሞክራለን። ውጤት ከመጣ ችግሩ ተገኘ፤ ያንኑ ኔምስፔስ በጥያቄው አናት ላይ ማወጅ ነው። በኔምስፔሱ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት እዝባር (/) እንኳ ብትጎድል መልሱ እንደገና ባዶ ይሆናል።

//መጽሐፍ[1] ደግሞ ከየመደርደሪያው አንድ አንድ መጽሐፍ ያመጣል፤ የሚቆጥረው በየወላጅ ኤለመንቱ (መጽሐፉን በያዘው ታግ፣ እዚህ በየመደርደሪያው) ሥር ስለሆነ። ከሁሉም የመጀመሪያውን ብቻ ለሚፈልግ (//መጽሐፍ)[1] ነው።

የታሪክ መጻሕፍትን ለማስቀረት ዘርፍ != 'ታሪክ' ብሎ መጻፍ ብዙዎችን ያሳስታል። ታሪክና ፖለቲካ የሚል ሁለት ዘርፍ ያለው መጽሐፍ በ«ፖለቲካ» ምክንያት ያልፋል፤ ዘርፍ ያልተመዘገበለት ደግሞ ይቀራል። ትክክለኛው በእኩል ምልክት አነጻጽሮ ሙሉውን በኖት ፈንክሽን መገልበጥ ነው፦ not(ዘርፍ = 'ታሪክ')።

በገጽ ብዛት ሲደረደር 100 ከ20 የሚቀድመው እሴቱ እንደ ጽሑፍ ስለሚነበብ ነው፤ ጽሑፉን ወደ ቁጥር በሚለውጠው በናምበር ፈንክሽን ይስተካከላል። በግእዝ አኃዝ ፲፪ ተብሎ የገባ ግን እንዲህም ተደርጎ ቁጥር አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ነገስት» ብሎ የፈለገ ተማሪ «ነገሥት»ን አያገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ስ እና ሥ የተለያዩ ኮዶች ናቸው። መፍትሔው በአንድ ዝርዝር ያሉትን ፊደላት በሌላ ዝርዝር ባሉት የሚተካው ትራንስሌት ፈንክሽን ነው፦ ሠሡሢሣሤሥሦ በሰሱሲሳሴስሶ ይተካል፤ ሐ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀም ከነሰባቱ ሆሄያቸው እንዲሁ። ሁለቱ ዝርዝሮች ፊደል በፊደል መግጠም አለባቸው። ከሁለተኛው ሴ ብትዘለል «ነገሥት» «ነገሶት» ይሆናል፤ ሦ ደግሞ ከነጭራሹ ይሰረዛል። ተማሪው የሚያስገባው ቃልም በዚሁ ፈንክሽን ማለፍ አለበት፤ አለበለዚያ «ሥ» ብሎ የሚጽፈው ሰው ምንም አያገኝም። በካታሎጉ ውስጥ ያለው ርዕስ አይነካም፤ ሽፋኑ ላይ እንደታተመው ይቆያል።