ለአባባ፣ ስለ ክላውኖቹ ሥዕል

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ?

ክላውኖችን (የሰርከስ ቀልደኞችን) ይስል ስለነበረው አሜሪካዊ ኮሜዲያን ስለ ሬድ ስኬልተን የጠየቁኝን ይኸው ጻፍኩልዎ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የቴሌቪዥን ዝግጅቱ ከ1951 እስከ 1971 ቆየ። ብሩሽ ያነሳው ግን ዝግጅቱ ሲያበቃ ሳይሆን በ1943 ነው፤ ሥዕሎቹን ለሕዝብ ያሳየው ደግሞ በ1964 በላስ ቬጋስ ሳንድስ ሆቴል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለራሱ ብቻ ሳለ ማለት ነው። እርስዎም የመጀመሪያዎቹን ለማንም የማሳየት ግዴታ የለብዎትም። አባቱ እሱ ሳይወለድ የሞተ የሰርከስ ክላውን ነበር፤ ፍሬዲ የተባለውን ጎስቋላ ገጸ ባሕርይ ሲሠራም የአባቱን የፊት ቅብ ነው የተከተለው። ለእኔ ከሥዕሎቹ ዋጋ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ እርስዎ ሸራ፣ በዘይት ቀለም ወደሚስሉት ክላውን። 40 በ50 ሳንቲሜትር ይበቃል። ጄሶ (ለሸራ የሚሆነውን ነጭ የመነሻ ቅብ) ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ያድርጉት። ንድፉን በተርፔንታይን (በቀለም ማቅጠኛው) በቀጠነ ቡናማ ያውጡ። መጀመሪያ ሰውየውን ይሳሉ፦ አጥንቱን፣ የዓይኑን ጉድጓድ፣ ሽብሽቡን። ቅቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቅቡ ከቀደመ ፊቱ ጭንብል ይሆናል።

ነጭ ፊት በነጭ ቀለም ብቻ አይሳልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለጥላው ነጩ ላይ ጥቂት አልትራማሪን ሰማያዊና ቡናማ፣ ብርሃን ለሚያርፍበት ቅንጣት ቢጫ ኦከር (አፈር የመሰለውን ቢጫ) ይጨምሩ። ንጹሑ ቲታኒየም ነጭ ግንባር ላይ ለምታበራው ነጥብ ብቻ ይቀመጥ። ቀዩን አፍንጫ ነጩ ሳይደርቅ አይንኩት፤ ሮዝ ይሆንብዎታል። ነጩ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። አፍንጫው ከተቀባ በኋላ ከሥሩ ባለው ጥላ ላይ ትንሽ ቀይ ጣል ያድርጉ፣ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ይቀመጣል። ለጺሙ ጥቁር ቱቦ አያስፈልግም፤ አልትራማሪንና የተቃጠለ አምበር የሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማ ሲደባለቁ ሕይወት ያለው ጥቁር ይወጣቸዋል።

የታችኛው ንብርብር ቀጭን፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ላዩ ደርቆ ታቹ ገና ስለሚንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አይታሰብም።

ዘይቱ እኛው የምናውቀው የተልባ ዘይት ነው፤ ግን አደራ፣ አባባ፣ የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተከመረ ሲደርቅ ይግልና በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውኃ ባለበት ክዳናም ጣሳ ውስጥ ይክተቱት። መስኮቱም ይከፈት፣ የተርፔንታይኑ ሽታ ለሳንባዎ ጥሩ አይደለም።

ነጩን በትልቁ ቱቦ፣ በ200 ሚሊ ሊትሩ ይግዙ፤ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ለሌሎቹ 37 ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ሊያሳዩኝ ሲወዱ ብቻ ፎቶ ይላኩልኝ።

አክባሪ ልጅዎ