ቤታችን ተከፍቷል፤ ደሴዎች፣ እግዜር ይስጥልኝ

በጦርነቱ ተዘርፎ ተዘግቶ የነበረው ምግብ ቤታችን ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። ፎቁ ላይ ያለው ናይት ክለብ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ተከፈተ። በየቤታችሁ ዞሬ ማመስገን ነበረብኝ። ጉልበቴ እንቢ ስላለኝ በጽሑፍ ሆነ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ "ማዘር" እያላችሁ ነው። ሥራ የጀመርኩት መናኸሪያ አካባቢ በሰው ሻይ ቤት፣ ብርጭቆ አጣቢ ሆኜ ነው። ከዚያ አስተናጋጅ፣ ከዚያ ካሸር። የራሴን ቤት ስከፍት ማድቤቱን ሁለት አደረግኩት። የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ፣ ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ ሁሉ ለየብቻ። "ምን አስወጣሽ?" ያሉኝ ነበሩ። ወሎ ላይ በአንድ ማድቤት ምግብ ቤት መክፈት ግማሹን እንግዳ ከደጅ መመለስ ነው። ንጉሥ ሚካኤል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሳይጠያየፍ የሚስተናገድበትን አይጠየፍ አዳራሽን ባሠሩበት ከተማ ደግሞ ነውር ነው።

ክለቡን ስጨምር ጎረቤት አኮረፈ። ማን ይፈርድባቸዋል? ባስ ሲመታ ግድግዳቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፈነ፣ በረመዳንና በዐቢይ ጾም ሙዚቃ እንዳይኖር ተስማማን።

በ2012 ኮሮና ዘጋን። ከዚያ ሳናገግም ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። ያገኘሁትን ይዤ ወጣሁ። ኅዳር መጨረሻ ከተማው ሲለቀቅ ተመለስኩ። ፍሪጁ፣ የቡና ማሽኑ፣ ጄኔሬተሩ የለም። የመጸዳጃ ቤቱን መስታወት ሳይቀር ነቅለውታል፤ ምን ሊያደርግላቸው እንደሆነ እንጃ።

ስፒከሮቹና ሚክሰሩ ግን ተረፉ። ያተረፏቸው እነዚያው በድምፁ ሲማረሩ የነበሩት ጎረቤቶቼ ናቸው። ከጥበቃችን ጋር በሌሊት አውጥተው፣ ጓዳቸው ውስጥ በፍራሽ ሸፍነው አቆዩልኝ። ቢገኝባቸው ምን ሊከተል እንደሚችል ታውቁታላችሁ። ይህን ውለታ በምን እከፍላለሁ?

የዱቤ መዝገቡም ከወረቀቱ ሁሉ ጋር ጠፍቷል። ማን ስንት እንዳለበት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እናንተ ግን እየመጣችሁ "ማዘር፣ ይህን ያህል አለብኝ" አላችሁኝ። እኔ የረሳሁትን ጥብስ ሳይቀር ቆጠራችሁልኝ። አንዲት እናት የሟች ልጃቸውን ዱቤ ይዘው መጡ። አልቀበልም ብል ተቆጡ፤ "ልጄ ባለዕዳ ሆኖ አይተኛም" አሉኝ። ተቀበልኩ።

ከሐይቅ ዓሣ የምታመጡልኝ ልጆች፣ "ሲኖርሽ ትከፍያለሽ" ብላችሁ ጀመራችሁልኝ። ሥጋ ቤቶቼም እንደዚያው። የሐረጎን ዳገት እየወጣችሁ ከኮምቦልቻ ድራፍት የምታደርሱልኝ ሾፌሮች፣ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ደውላችሁ "አብሽሪ" ስትሉኝ ልቤ ይመለስ ነበር። ብድር የወሰድኩበት ባንክ ግን፣ ስሙን አልጠራም፣ ተሰድደን ሳለ እንኳ ወለዱን መቁጠር አላቋረጠም።

ሙዚቀኞቼ፣ በባዶ አዳራሽ አምባሰልና ባቲ የተጫወታችሁልኝ፣ የመክፈቻውን ሌሊት ገንዘብ አንቀበልም ያላችሁ፣ ኑሩልኝ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ናይት ክለብ መያዝ ጾም ላይ ሥጋ ቤት እንደመክፈት ነው። እናንተ ግን ያኔ በጊዜ ጀምራችሁ በጊዜ ዘጋችሁ፤ ሰውም ከሥራ መልስ መጨፈር ለመደ።

አስተናጋጆቼን ለብቻ ላመስግን። ሌሊት የምትሠራን ሴት ሰው በክፉ ዓይን ያያል። እነዚህ ልጆች በዚያ ደመወዝ ወንድም እህት አስተምረዋል፣ ቤተሰብ ይዘዋል። ስንዘረፍም ወለሉን በእጃቸው ያጸዱት እነሱ ናቸው። ቅዳሜ ስትመጡ ቲፕ አትርሱ፤ ይህን የማዘዝ መብት አለኝ።

ሙስሊም ወገኖቼ በዱዓችሁ፣ ክርስቲያኖቹም በጸሎታችሁ አስባችሁኛል። አላህም እግዜርም ይስጥልኝ።

የጥቅምት 2014 ደመወዛችሁን ሳትወስዱ የተበተናችሁ ሠራተኞች ካላችሁ ያው ፒያሳ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ኑ፣ ገንዘቡ ተቀምጦላችኋል። መምጣት የማትችሉ ሰው ላኩ።