የጎንደሩን ልጅ ብረት አታሸክሙት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የፎቶግራፍ አምድ ላይ የአንድ የጎንደር ወጣት ጥያቄ አነበብኩ። ድንኳኑንና ስንቁን በጀርባው ይዞ ሰሜን ተራሮችን በላርጅ ፎርማት ፊልም ማንሳት ይፈልጋል። የመጀመሪያ ካሜራዬ ምን ይሁን ነው ጥያቄው። የአምዱ ጸሐፊ አጭር መልስ ሰጡት። አሮጌ የስቱዲዮ ሞኖሬል፣ ማለትም በአንድ ዘንግ ላይ የተሰካ ካሜራ ግዛ፣ ርካሽ ነው፣ ሁሉንም ነገር ያስተምርሃል አሉት። ርካሽነቱ እውነት ነው። ማስተማሩም እውነት ነው። ግን ልጁ የሚሄደው ስቱዲዮ አይደለም፤ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለው የእሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ነው። ስለዚህ በአክብሮት አልስማማም።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በአዛውንቶች መንከባከቢያ ቤት ሰው ሳነሳና ሳስተኛ እከርማለሁ። ክብደቴ 54 ኪሎ ነው። ቅዳሜ ደርሶ ተራራ ላይ ደግሞ ብረት የማንሳት ፍላጎት የለኝም። ያም ሆኖ ካሜራዬን ይዤ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እያደርኩ ፎቶ አነሳለሁ። ስለ ክብደት የማወራው ከትከሻዬ ነው።

ለማያውቁት አንባቢዎች ትንሽ ልበል። ላርጅ ፎርማት የሚባለው ፊልሙ በጥቅል ሳይሆን አንድ በአንድ፣ እንደ ካርድ የሚገባበት ካሜራ ነው። የተለመደው መጠን 4 በ5 ኢንች ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ስፋት ከተራው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም 13 እጥፍ ያህል ይሆናል። ጥቁር ጨርቅ ተከናንባችሁ ከኋላ ያለውን የደበዘዘ መስታወት ታያላችሁ፤ ተራራው እዚያ ላይ ተገልብጦ ይታያል። 8 በ10 የሚባል ታላቅ ወንድምም አለው። በጀርባ ለሚሸከም ጀማሪ ግን እሱን ባናነሳው ይሻላል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የእኔ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምድጃ፣ ውሃ፣ ምግብ፣ ከዚያ ደግሞ እዚህ ፓርክ ውስጥ በበጋ ግዴታ የሆነው ድብ የማይከፍተው የምግብ ጣሳ ተደምሮ 12 ኪሎ ይመጣል። ከዚህ በላይ ነው ካሜራው የሚጫነው። የሚታጠፍ ቀላል የእንጨት ካሜራ ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ ነው። ትንሽ 150 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሩብ ኪሎ ገደማ። ሦስት የፊልም ሆልደር (እያንዳንዱ ሁለት ፊልም የሚይዝ ጠፍጣፋ መያዣ)፣ ማለትም ስድስት ፎቶ፣ ግማሽ ኪሎ። ካርቦን ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ፣ ከነጭንቅላቱ 2 ኪሎ። ጨርቁ፣ ማጉያ መነጽሩና የሹተሩ ገመድ ሲጨመሩ 5 ኪሎ አይሞላም። የብርሃን መለኪያ ስልኬ ላይ አለ።

ሞኖሬሉን እንይ። ብዙዎቹ ብቻቸውን ከ3 ኪሎ በላይ ናቸው። ጣጣው ግን እዚያ አያበቃም። ካሜራው ሲከብድ ትራይፖዱም መክበድ አለበት፤ አለዚያ ንፋስ ያወዛውዘዋል። በረጅም ዘንግ ላይ ስለተሰካ አይታጠፍም፤ ወይ ትፈቱታላችሁ ወይ ትልቅ ሻንጣ ትፈልጉለታላችሁ። ሻንጣው በተራው ትልቅ ቦርሳ ይጠይቃል። በርካሽ የተገዛው ካሜራ ሌላውን ዕቃ ሁሉ በውድ ያስገዛል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ገጥሞ እስኪጨርሱ ብርሃኑ መሄዱ ነው። ተራራ ላይ ጥሩ ብርሃን አይጠብቅም።

ሁለተኛው ምርጫ አሮጌው የጋዜጠኞች ካሜራ ነው። ግራፍሌክስ የተባለው ኩባንያ ሮቸስተር፣ ኒውዮርክ የሠራው ክራውን ግራፊክ በዚህ ይታወቃል። ሲዘጋ ጠንካራ ሣጥን ይሆናል፤ ቢወድቅም አይደነግጥም። በእጅ ይዞ ማንሳትም ይቻላል። እወደዋለሁ። ግን ለመልክዓ ምድር አንድ ጉድለት አለበት፦ የፊቱ ሌንስ የሚያዘነብለው ወደ ኋላ ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ወደ ፊት ነው። የካሜራውን ወለል ወደ ታች ጥሎ በዘዴ ማግኘት ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን ራስ ምታት ነው።

ማዘንበሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ካልገባን ይህን ሁሉ ዕቃ የምንሸከምበት ምክንያት የለም። ሚልስ ሐይቅ ዳር ቆሜ እግሬ ሥር ያለው ድንጋይም፣ ማዶ ያለው ሎንግስ ፒክም ጥርት ብለው እንዲወጡ እፈልጋለሁ። በተራ ካሜራ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ እጸልያለሁ። በዚህኛው ሌንሱን ጥቂት ወደ ፊት ሳዘነብለው ጥራቱ ከድንጋዩ እስከ ተራራው መሬቱን ተከትሎ ይተኛል። ብዙም ማዘንበል አያስፈልግም። ሌንሱ 150 ሚሊ ሜትር ከሆነና ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ 6 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል። ካሜራው ዝቅ ባለ ቁጥር ዲግሪው ይጨምራል። እኔ አጭር ስለሆንኩ ትንሽ እጨምራለሁ።

ስለዚህ ለወጣቱ የምለው ይህን ነው። ወንድሜ፣ የሚታጠፍ የእንጨት ፊልድ ካሜራ ግዛ። ብራይተን፣ እንግሊዝ የሚሠራው ኢንትረፒድ ቀላልና ከአዲሶቹ በዋጋ የሚቀመስ ነው። ቻሞኒክስ የተሻለ ጥንካሬ አለው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። አሮጌ ታቺሃራ ወይም ዊስታ ካገኘህ እጅህን አትሰብስብ። ግን ከመክፈልህ በፊት ወናፍ የሚመስለውን ጥቁር መታጠፊያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዘርጋውና የስልክህን መብራት በውስጡ አብራ። ማዕዘኖቹ ላይ እንደ ኮከብ የሚያበራ ነገር ካየህ ፊልምህን ብርሃን ይበላዋል። ዋጋ አስቀንስበት ወይም ተወው።

ሌንስ አንድ ብቻ ይብቃህ። 150። ሰፊ የሚያሳየው 90 ያጓጓል፣ ገደልም ሲታይ ይበልጥ ያጓጓል። ግን ብዙዎቹ ዘመናዊ 90ዎች ከባድ ናቸው፣ የመስታወቱ ጥጋጥግም ይጨልምና ለጀማሪ ያስቸግራል። ሩቁን የሚያቀርበው 300 ደግሞ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር የሚዘረጋ ካሜራ ይፈልጋል፤ ሁሉም ቀላል ካሜራ ያን ያህል አይዘረጋም።

ዝነኛው አሜሪካዊ የተራራ ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስም ከባድ ካሜራ ተሸክሟል የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው። በ1927 ካሊፎርኒያ፣ ዮሰሚቲ ፓርክ ውስጥ ሃፍ ዶም የተባለውን ገደል ሲያነሳ 18 ኪሎ ያህል ዕቃ ተሸክሞ በበረዶ ላይ ወጥቷል። በፊልም ፋንታ 12 የመስታወት ፕሌት ይዞ ነበር፤ ዝነኛውን ፎቶ ያነሳው በመጨረሻዋ ነው። ያኔ 25 ዓመቱ ነበር። በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሌላውን ዝነኛ ሥራውን፣ የጨረቃዋን ፎቶ ሲያነሳ ግን በመኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ ነው። ሰውዬው ሞኝ አልነበረም።

የአምዱ ጸሐፊ ሰሜን ላይ በቅሎ አለ፣ ክብደት አያስጨንቅም ብለዋል። በቅሎ አለ፣ እሺ። ግን የጭነት በቅሎዎቹ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ማደሪያው ይነዳሉ። አንተ ከስካውቱ፣ ማለትም ከፓርኩ ጥበቃ ጋር በገደሉ አፋፍ ትዞራለህ። 3,926 ሜትር ላይ እሜት ጎጎ ቆመህ ደመናው ከሥርህ ሲከፈት ካሜራህ ጭነቱ ውስጥ ማደሪያው ደርሶ ይሆናል። ድንኳኑን በቅሎዋ ትውሰደው፤ ካሜራው ግን አንተ ጀርባ ላይ ይሁን። በቅሎዋ ላይ ሲንገጫገጭ የካሜራው ብሎንም ይላላል።

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። ቦርሳህን እንደ ጉዞ ቀን ሙላና 5 ኪሎ ጤፍ ጨምርበት። ከጎንደር ወጣ ብለህ ዳገት ምረጥና ግማሽ ቀን ሂድበት። ካሰብከው በላይ ከከበደህ ካሜራውን ሳይሆን ድንኳኑን አቅልል።

ፊልምን በተመለከተ በጥቁርና ነጭ ጀምር። ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ይቅር ባይ ነው፤ የቼኩ ፎማፓን 100 ረከስ ይላል። ሌንሱ ፊት የሚገጠመውንና ሰማዩን የሚያጠቁረውን ቀይ ፊልተር ለመግዛት አትቸኩል። ያን በሚያህል ከፍታ ሰማዩ ራሱ የጠቆረ ሰማያዊ ስለሆነ በቀይ ጭራሽ ከሰል ይመስላል። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይበቃሃል። ሆልደሮቹን ማታ ድንኳን ውስጥ በጨለማ ከረጢት ሙላ፤ አቧራውን አስቀድመህ ጥረግ፣ በደረቁ ወቅት ሁሉም ቦታ ይገባል።

ፊልሙን ከውጭ የሚያመጣልህ ዘመድ ካለ በአውሮፕላን ማረፊያ ሲቲ ስካነር ውስጥ እንዳያስገባው ንገረው፤ ያጨልመዋል። ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥም አይላከው። በእጁ ይዞ «በእጅ ይፈተሽልኝ» ይበል። ሣጥኑ ላይም «ፊልም ነው፣ አይከፈት» ብሎ በትልቁ ይጻፍበት።

ጥቁርና ነጩን እቤትህ፣ የታሸገ ታንክ ውስጥ ማጠብ ትችላለህ። ማጠቢያ ኬሚካሉን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ግን እባክዎ ለዚሁ አምድ ይጻፍለት። እኔ ከዚህ ሆኜ ልረዳው የማልችለው ያንን ነው።

አንባቢያችሁ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ