ስለ ዘንድሮው ቲያትር ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆቻችን በአማርኛ ስለሚያቀርቡት ቲያትር ሰሞኑን ስልኬ እረፍት አላገኘም። “ልጄ ለምን እስረኛ ሆኖ ይጫወታል?” የሚለው ስለበዛ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ከሜልቦርን ባሕሩን ተሻግሮ፣ ታዝማኒያ በምትባለው የአውስትራሊያ ደሴት ውስጥ ነው። እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ከ160 ሺህ በላይ እስረኞችን ወደ አውስትራሊያ በግዞት ልካለች። ፖርት አርተር ደግሞ በግዞት ላይ እያሉ እንደገና ያጠፉት የሚላኩበት ቦታ ነበር። ከዚያው አጠገብ፣ ፖይንት ፑር የሚባል ቦታ ላይ፣ ከ1834 እስከ 1849 የወንዶች ልጆች እስር ቤት ነበር። ወደ 3,000 ልጆች አልፈውበታል። አብዛኞቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው፤ የ9 ዓመት ልጅም ነበረበት። በትንሽ ስርቆት ሰባት ዓመት የተፈረደበት ብዙ ነው። ድንጋይ መጥረብ፣ ጫማ መስፋትና አናጢነት ይማራሉ። ያጠፋ ይገረፋል፣ ወይም ብቻውን ይዘጋበታል። ዛሬ ጣሪያው የሌለው የፖርት አርተር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የእነሱም እጅ አለበት።

ታዲያ ይህን እኩዮቻቸው ካልተጫወቱት ማን ይጫወተው? ጢሙን የተላጨ አዋቂ ልጅ ነኝ ቢል ሰው ይስቃል እንጂ አያምነውም።

ግርፋት መድረክ ላይ አናሳይም። ጅራፍ ካያችሁ ታውቃላችሁ፣ ልጆች ወዲያው ጨዋታ ያደርጉታል። ለእኔ ከጅራፉ ይልቅ የሚከብደው ዝምታው ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ እዚያው ፖርት አርተር ለአዋቂዎች አዲስ እስር ቤት መሥራት ጀመሩ። እዚያ እስረኛው በስሙ አይጠራም፣ ቁጥር አለው። ከክፍሉ ሲወጣ ፊቱን የሚሸፍን ጭምብል ያደርጋል። ጠባቂዎቹ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ለስላሳ ጫማ ይለብሳሉ። ጸሎት ቤት ውስጥ እንኳን እያንዳንዱ በሳንቃ ተከልሎ ይቆማል፤ ጎረቤቱን አያይም። ድምፁን የሚያወጣው መዝሙር ሲዘመር ነው። በልምምድ ላይ ይህን ክፍል ስንሠራ፣ ሁልጊዜ የሚንጫጩት ልጆች ራሳቸው ጸጥ አሉ።

ሁሉም ጨለማ አይደለም። ቢሊ ሀንት የሚባል እስረኛ የካንጋሮ ቆዳ ለብሶ ሊያመልጥ ሲዘል፣ ወታደሮቹ ለሥጋው ሊተኩሱበት ሲሉ “አትተኩሱ፣ እኔ ነኝ!” አለ ይባላል። ለካንጋሮው ቦታ ልጆቹ ተጣልተዋል፤ በዕጣ ለየነው።

የምድሩ የጥንት ባለቤቶች፣ አቦርጂኖቹ፣ ከመሬታቸው መፈናቀላቸውንም አልዘለልነውም፤ ቲያትሩ የሚከፈተው በእሱ ነው። ፖርት አርተር ሲባል በ1996 እ.ኤ.አ. እዚያ የደረሰው የጅምላ ተኩስ ጥቃት ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። እሱን አንነካም።

ጭምብል ማድረግ የሚያስፈራው ልጅ ካለ ንገሩኝ፣ ሌላ ቦታ እንሰጠዋለን። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማችሁ በመጪው ቅዳሜ ላኩልን። ያረጀ ቢጫና ጥቁር ልብስ ካላችሁም አትጣሉት። ከባድ ቅጣት ላይ ያሉት ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ልብስ ይለብሱ ስለነበር ለስፌት እንፈልገዋለን። በዕለቱ ቡና የሚያፈላም ያስፈልገናል፤ አባቶችም መመዝገብ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር