ከፍሉኮናዞሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎች

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ብልቷን የሚያሳክካት ሴት ፋርማሲ ስትገባ ብዙ ጊዜ ምንም ሳትጠየቅ ፍሉኮናዞል የተባለ የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት አንድ ፍሬ ተሰጥቷት ትወጣለች። ኤችአይቪ በደሟ ላለ ሴት ግን ይህ አይበቃም። ነፍሰ ጡር ነሽ? የትኛውን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ትወስጃለሽ? በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ታመምሽ? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሕመሙ ፈንገስ መሆኑም ይለይ። ፈንገስ ያሳክካል፣ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፤ ፈሳሹ እንደ ረጋ ወተት ነጭ ሆኖ የጎላ ሽታ የለውም። ፈሳሹ ስስ ግራጫ ሆኖ የዓሣ ሽታ ካለው፣ ወይም አረፋ ያለው ቢጫ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል። ትኩሳት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ከተጨመረም እንዲሁ።

ነፍሰ ጡር ፍሉኮናዞል አትዋጥ፤ ክሎትሪማዞል የተባለውን በብልት የሚገባ የፈንገስ መድኃኒት ለ7 ሌሊት ትጠቀም። ነቪራፒን የተባለውን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴትም ሐኪሟ ሳያውቅ ፍሉኮናዞል አትደጋግም፤ በደሟ ያለውን የነቪራፒን መጠን ከፍ ስለሚያደርገው ለጉበቷ ያሰጋል። ዶሉተግራቪር ከተባለው ሌላ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ግን ይህን መሰል ችግር የለም።

ቀላል ሕመም በአንድ 150 ሚሊግራም ይድናል። ብልቷ ካበጠ፣ ከቀላና ከተሰነጣጠቀ ግን አንዱ አያድናትም፤ 150 ሚሊግራሙ በየ72 ሰዓቱ 2 ወይም 3 ጊዜ ይሰጣል፤ አለዚያ በብልት የሚገባ የፈንገስ ክሬም ከ7 እስከ 14 ቀን።

ክሬሙና በብልት የሚገባው ኪኒን የሚገቡት ማታ ነው፦ እጅ ታጥቦ፣ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ ጠለቅ አድርጎ። ቀን ከሆነ ሴትየዋ ስትቆም መድኃኒቱ ይፈሳል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ማሳከኩ በ3ኛው ቀን ሲቆም ሕክምናውን ማቋረጣቸው ላይ ነው፤ ፈንገሱ ገና ስላልጠፋ ይመለሳል። ዘይት ያለበት ክሬም ኮንዶምን ያሳሳል፤ ስለዚህ ሕክምናው እስኪያልቅና ከዚያ በኋላ 3 ቀን ኮንዶም ብቻውን አያስተማምንም። በሳሙናም ሆነ በሌላ ነገር ብልትን ወደ ውስጥ መታጠብ ደግሞ ፈጽሞ ይቅር፤ የተቆጣውን ቆዳ ያባብሰዋል።

በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስባት ሴት ሌላ ኪኒን ከመግዛቷ በፊት ናሙና ሰጥታ የፈንገሱ ዓይነት ይታወቅ፤ ለፍሉኮናዞል የማይበገሩ ዝርያዎች አሉ። የደም ስኳሯ፣ የቫይረስ መጠኗና ሲዲ4ዋም (በሽታ የሚከላከሉት የደም ሕዋሶቿ ቁጥር) ይታይ። ፀረ ኤችአይቪውን እየዘለለች ከሆነ ፈንገሱን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም። ዝርያው ለመድኃኒቱ የሚበገር ከሆነ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሕክምና አስጨርሶ በሳምንት አንድ 150 ሚሊግራም ለ6 ወር ሊያዝላት ይችላል።

አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ታይቶ ምግብ ስትውጥ ካመማት ግን ፋርማሲ አትሂድ፤ ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ