ምስጋናውን በሕይወት ሳሉ ይስሙት

መሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ

ለተወደድሽው ልጄ፣

የአባትነት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእግር ኳስ ቡድናችሁ በሜዳው በሚያደርገው ጨዋታ ሁሉ ለአካባቢው ሕዝብ ያለ ክፍያ ሲያገለግል የኖረ አንድ ሰው በተመልካች ፊት እንዲያከብር መወሰኑን፣ አንቺም የደጋፊ ማኅበሩ ጸሐፊ እንደመሆንሽ የአመራረጡንና የሥርዓቱን ረቂቅ እንድታዘጋጂ መታዘዝሽን ጽፈሽልኛል። በእውነት ደስ ብሎኛል። አስተያየቴን ስለ ጠየቅሽኝ የማስበውን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ጉዳዩ ለአንድ ሰሞን ጭብጨባ ብቻ እንዲውል አልፈልግምና።

በአሜሪካ የቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «በመካከላችን ያሉ ጀግኖች» እያለ ይህንኑ እንደሚያደርግ ጠቅሰሻል። ምሳሌው ጥሩ ነው። ነገር ግን እነርሱ በአንድ የውድድር ዘመን 41 ጊዜ በሜዳቸው ይጫወታሉ፤ ለእያንዳንዱም ጨዋታ የሚከበር ሰው የሚያፈላልግ ደመወዝተኛ ሠራተኛ አላቸው። እናንተ የምትጫወቱት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሥራውም የሚያርፈው በአንቺና በጥቂት ጓደኞችሽ ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥር ለማሟላት አትቸኩሉ። ሥራውን በሚገባ ያላጣራችሁት ሰው ከሆነ ያ ጨዋታ ያለ ክብር ሥርዓት ቢያልፍ ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሜ ልነግርሽ የምፈልገው በሜዳው ላይ ስለሚነበበው ጽሑፍ ነው። እንደምታውቂው ከማስተማሩ ሥራ ጎን ለጎን የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ ስለ ኖርሁ፣ በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው እኔ ነኝ። ቤተ ዘመድ ሰብስቤ ስለ ሟች ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ ከቤት ቤት አይለያይም፤ ደግ ነበሩ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ ይባላል። ይህ ሲነበብ ቀባሪው ጋቢውን ተከናንቦ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ነገር ግን «የሰፈሩን ምንጭ ከብት እንዳያደፈርሰው ክረምት በወጣ ቁጥር ከራሳቸው ግቢ እንጨት ቆርጠው ያጥሩት ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ሰው ሁሉ ቀና ይላል፤ ያን ውኃ የጠጣ ሁሉ እውነት መሆኑን ያውቃልና። የሚያሳዝነው፣ በዚያች ሰዓት ይህን ያልሰሙት ሟቹ ብቻ ናቸው። የእናንተ ቡድን አሁን ሊያደርግ ያሰበው ያንኑ የሕይወት ታሪክ ባለቤቱ በጆሮው እየሰማ ማንበብ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሆን ስመኘው የኖርሁት ይህንን ነው።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሩኅሩኅ፣ ትጉህ፣ ቅን የሚሉትን ቃላት አታብዙ። ሰውየው ምን እንደ ሠራ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለእነማን፣ በምን ገንዘብና በየትኛው ሰዓት እንደ ሠራ ጻፉ። አበበ ቢቂላን አስቢ። ጃቶ በተባለች የዚሁ የሸዋ ምድር መንደር የተወለደውን ሰው ዛሬ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ጎበዝ ሯጭ ነበር ተብሎ ስለ ተነገረለት አይደለም። በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ መጨረሱ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛውን ወርቅ ማግኘቱ ሳይዛባ ተጽፎ ስለ ቆየ ነው። በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በ1972 እ.ኤ.አ. ወደ ሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲጠራ፣ በመክፈቻው ዕለት ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ያጨበጨበለት የሠራውን ለይቶ ስለሚያውቅ ነው። ለሯጭ ሰከንድ የሚቆጠርለትን ያህል፣ በሌሊት ተነሥታ ምጥ የያዛትን ጎረቤቷን ደግፋ ጤና ጣቢያ ለምታደርስ ሴትም የሄደችበት መንገድ ርቀት ሊነገርላት ይገባል እላለሁ።

እነማን ይመረጡ ላልሽው፣ ስም ልጥቀስልሽ አልሻም፤ ማየት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ነገር ግን ወዴት እንደምትመለከቱ ልጠቁምሽ። ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጡሩንባውን ይዞ ከመንደር መንደር እየዞረ ሞት የሚያረዳውን የእድር ለፋፊ ማንም እንደ ባለውለታ ቆጥሮት አያውቅም፤ ያለ እርሱ ግን ቀብር አይሞላም፣ ሐዘንተኛም አይጽናናም። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መኪና ሲገለበጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ከዚያው ከዳገቱ ያለ ገበሬ ነው፤ ቁስለኛውን በቃሬዛ አውጥቶ፣ በገዛ ነጠላው አስሮ፣ የሚያልፍ መኪና ለምኖ ያሳፍረዋል፤ ከዚያ በኋላ ቁስለኛው ማን እንዳዳነው እንኳ ሳያውቅ ይቀራል። ከቀያቸው ተፈናቅለው ከተማችሁ የደረሱ ወገኖቻችንን ከአንድ ክፍል ቤቷ ግማሹን ለቅቃ ያስጠጋች እናትም አለች። በየጊዜው ደም የሚለግሱ አሉ። እነዚህን የምታገኟቸው ከየመሥሪያ ቤቱ የስም ዝርዝር በማስመጣት አይደለም፤ ዝርዝር ብትጠይቁ አስቀድሞ የሚመጣላችሁ አለቃው ነው። እድሮችን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን፣ የውኃ ኮሚቴውንና የትምህርት ቤት ጥበቃዎችን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ የተረዳውን ሰው ጠይቁ፤ የሰጪውን ነገር ከተቀባዩ በላይ የሚያውቅ የለምና።

አሁን ከባድ ወደምለው ነገር ልምጣ። ከምትመርጧቸው መካከል ብዙዎቹ እንቢ ይሏችኋል። ይህን እንደ ትሕትና ብቻ ቆጥራችሁ በግድ ልታግባቡ አትሞክሩ። በእኛ አገር ሰው መልካም ሥራውን በአደባባይ ማስነገርን ውዳሴ ከንቱ ብሎ ይፈራዋል፤ ፍርሃቱም ሥር ያለው ነው። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ምጽዋት ስትሰጡ ቀኝ እጃችሁ የሚያደርገውን ግራ እጃችሁ አይወቅ ብሎ አስተምሯልና፣ ይህን ቃል ሲሰሙ ያደጉ እናት ሜዳ መካከል ቆመው በድምፅ ማጉያ ሲመሰገኑ ዋጋቸውን የሚያጡ ሊመስላቸው ይችላል። እኔም ይህን ፍርሃት አከብረዋለሁ። ሆኖም በዚያው ስብከት ውስጥ፣ ከዚህ ቀደም ብሎ፣ መልካሙን ሥራችሁን አይተው የሰማይ አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ የሚልም ቃል አለ። የሁለቱን ቃላት ስምምነት መምህራን ያብራሩት፤ እኔ የምረዳው ግን ራስን ማስመስገንና በሌላ ሰው መመስከር አንድ እንዳልሆኑ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ልካችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ የምታነቡትን ወረቀት አስቀድማችሁ አንብቡላቸው፤ ይውጣ ያሉትን አውጡ። አሁንም እንቢ ካሉ ተዉአቸው። ስማቸው ሳይጠራ ሥራው ብቻ ቢነገር የሚፈቅዱ እንደሚኖሩም አትርሺ።

ሥራው የብዙዎች ሲሆን ደግሞ አንዱን ነጥላችሁ አታውጡ። እዚህ እኛ ዘንድ የጓሳን ሣር የመንዝ ሰው ከ400 ዓመት በላይ በጋራ ሲጠብቀው እንደኖረ ታውቂያለሽ፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሕዝቡ ተማክሮ ሲከፍተው ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም መጠጊያ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የመሰለ ሥራ ለአንድ ሰው ቢሸለም ሌላውን ማስቀየም ይሆናል። እንዲህ ያለው ሲያጋጥማችሁ ሁሉንም ጥሩ፤ ሜዳው ሰፊ ነው።

ስለ ሥርዓቱም ጥቂት ልበል። በእረፍት ሰዓት እናድርገው ያላችሁትን አልደግፍም። እረፍቱ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባሉ፣ ተመልካቹም ሻይና ቆሎ ፍለጋ ይበተናል። ከዚህ ይልቅ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሰላምታ ሊለዋወጡ ሲሉ ይሁን። ሁሉም ተጫዋች፣ የተጋጣሚው ቡድን ጭምር፣ እንደ ወጉ በተራ እጅ ይንሣ፤ አምበሉ ደግሞ በመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ ባና ያልብሳቸው። ያቺ የተነበበችው ወረቀት በጥሩ እጅ ተጽፋ፣ የቡድኑ ማኅተም አርፎባት ትሰጣቸው፤ ለልጅ ልጅ የምትቀር እርሷ ናት። የባለሥልጣንና የስፖንሰር ንግግር ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ በረቂቅሽ ላይ በግልጽ አስፍሪ። ሊናገር የሚፈልግ ሌላ ቀን አያጣም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስብሻለሁ። የተረዱትን ሰዎች ለማስረጃ ብላችሁ ሜዳ ላይ አታቁሙ። ያቺ እናት ያስጠጋቻቸውን ልጆች በሺህ ሰው ፊት አሰልፎ እነዚህ ናቸው ማለት፣ እርሷ በዝምታ የሸፈነችውን ችግራቸውን መግለጥ ነው። ልጆቹ ነገ በዚያች ከተማ ተምረው፣ ሠርተው፣ አግብተው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ፎቶግራፍም ቢሆን ያለ ፈቃዳቸው አይነሣ።

ከገጠር ለሚመጡት የመጓጓዣ፣ የምሳና ካስፈለገ የማደሪያ ወጪ ቡድኑ ይቻል፤ የገበያ ቀንና የአጨዳ ሰሞንም ይታይላቸው። ከሥርዓቱ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ተጫዋቾቹ አንድ ከሰዓት ደቦ ወጥተው የተከበረውን ሰው ሥራ ቢሠሩለት፣ ማለት ምንጩን ቢያጥሩ ወይም የአቅመ ደካማውን ጣሪያ ቢጠግኑ፣ ወጣቶቹ ምን እንዳከበሩ በእጃቸው ያውቁታል። ይህ የእኔ ምኞት ነው፤ ልምምዳቸውን የሚያውከው ከሆነ አሠልጣኙን አማክሪ።

እናትሽ ለመጀመሪያው ጨዋታ የእድር ለፋፊው ይመረጡ ትላለች፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። እርሳቸውን ካነጋገራችሁ በኋላ የምታነቡትን ወረቀት ረቂቅ ከመታተሙ በፊት ላኪልኝ። የጀመሩበትን ዓመት፣ የሚዞሩባቸውን መንደሮች ስምና ጡሩንባውን ከማን እንደ ተረከቡ ሳትጠይቂ እንዳትቀሪ።

አባትሽ