ከጨዋታ ሳይወጡ መሸነፍ፦ የሰሌዳ ጨዋታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሰሌዳ ጨዋታ ክበብ በዚህ የትምህርት ዘመን ሥራውን የጀመረው አባላቱ ከየቤታቸው ይዘዋቸው በመጡ ጨዋታዎች ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሞኖፖሊ፣ ሁለት ሉዶ፣ አንድ ስክራብልና ጠርዙ የተቀደደ አንድ ሪስክ ተደረደሩ። ክበቡ የሚገናኘው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ በመሆኑ፣ እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ አንድም የሞኖፖሊ ጨዋታ ከፍጻሜው ሲደርስ አላየንም።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሞኖፖሊ ጨዋታ በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከስራ ከጨዋታው ወጣች። የቀሩት አራቱ ሲጫወቱ እርሷ የባንኩን የወረቀት ገንዘብ በየቀለሙ ለየች፤ ለይታ ስትጨርስ የእያንዳንዱን ክምር ጠርዝ በመዳፏ እየመታች አስተካከለች፤ እርሱም ሲያልቅ የሒሳብ የቤት ሥራዋን አወጣች። ስንበተን በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ጨዋታው ቶሎ የማያባርራት ከሆነ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ዓመቱን ሙሉ ጨዋታ የመረጥነው ይህንኑ መልሷን መለኪያ አድርገን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለነባሮቹ ጨዋታዎች ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ አዲስ ከመፈለጋችን በፊት የሞኖፖሊን ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብን። ከአባላቱ አብዛኞቹ ጨዋታውን የተማሩት ከታላላቆቻቸው እንጂ ከወረቀቱ አልነበረም። ደንቡ አንድ ተጫዋች የቆመበትን መሬት አልገዛም ካለ መሬቱ ወዲያውኑ ለሁሉም በጨረታ እንዲቀርብ ያዛል፤ ቅጣትና ግብር በሰሌዳው መካከል ተጠራቅሞ በነፃ ማቆሚያው ላይ ላረፈ ይሰጥ የሚል ቃል ግን የለበትም። ሁለቱን ስናስተካክል ጨዋታው በእርግጥ አጠረ፤ ይሁን እንጂ የሚከስር ሰው መኖሩ አልቀረም። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። የሞኖፖሊ ቅድመ አያት የሆነውን ጨዋታ አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ ማጊ የፈጠራ መብት ያስመዘገበችበት እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን፣ ዓላማዋ የመሬት ኪራይ ጥቂቶችን አበልጽጎ ሌሎችን እንዴት እንደሚያደኸይ ለማሳየት ነበር። ስለዚህ ተማሪዋን ያባረራት ክስረት ጨዋታው ሲሠራ የገባ ጉድለት ሳይሆን የታሰበበት ትምህርት ነው፤ ለዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን የሚመች ትምህርት ሆኖ አላገኘሁትም።

በሞኖፖሊ ቦታ ያስገባነው ካታንን ነው። ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር የሠራው ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቶ በዚያው ዓመት በአገሩ «የዓመቱ ጨዋታ» የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ሰሌዳው ባለ ስድስት ጎን ከሆኑ 19 ቁራጮች በየጊዜው እንደ አዲስ ይገጣጠማል፤ ሁለት ዳይስ ተጥሎ የወጣው ድምር በየትኛው ቁራጭ ላይ እንደሚገኝ ይታይና፣ በዚያ ቁራጭ ዳር ሰፈር ያለው ተጫዋች ሁሉ ተራው የማንም ቢሆን እንጨት፣ ጡብ፣ ሱፍ፣ እህል ወይም ማዕድን ይቀበላል። በሌላው ተራ ጊዜ የራሱን ድርሻ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ጆሮውን ከጠረጴዛው አያነሣም። የጎደለውን ከጓደኛው ጋር ተደራድሮ ይለውጣል፤ 10 ነጥብ የሞላለት ሲገኝ ጨዋታው ያበቃል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም አይወጣም።

ከሁለት ዳይስ 36 አወጣጦች መካከል 7 የሚመጣው በስድስቱ፣ 6 እና 8 እያንዳንዳቸው በአምስቱ፣ 2 እና 12 ግን በአንድ በአንዱ ብቻ መሆኑን አባላቱ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ከኪሳራቸው ተማሩት። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ማዕድን ስላማለለው የመጀመሪያ ሰፈሩን 12 ቁጥር ባለበት ዳር ሠርቶ፣ ቁጥሩ እስኪወጣ አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቀ። ስሙ ከጨዋታው አልተሰረዘም፤ በተግባር ግን ወጥቶ ነበር። ካታን ማንንም አያባርርም የሚለውን ምስጋናዬን በዚህ ልክ ዝቅ ማድረግ ይኖርብኛል። ከዚያ ወዲህ ለጀማሪዎች የመነሻ ቦታ ሲመርጡ አንድ ነባር አባል አጠገባቸው እንዲቀመጥ አድርገናል።

ተጫዋቾች ግዛት ለመያዝ በሚዋጉበት በሪስክ ፈንታ የተጫወትነው ፓንዴሚክ የተባለውን ነው። ማት ሊኮክ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ይህ ጨዋታ ተጫዋቾቹን እርስ በርስ አያዋጋም፤ አንድ ቡድን ሆነው በዓለም ካርታ ላይ የሚዛመቱ አራት በሽታዎችን ይታገላሉ። ማሸነፊያው መንገድ አንድ ሲሆን እርሱም የአራቱንም መድኃኒት ማግኘት ነው፤ መሸነፊያው ግን ብዙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግመን ተሸነፍን፤ ማንም ቅር ሲለው አላየሁም። ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር፦ ጨዋታውን ቀድሞ የገባው አንድ ልጅ የአራቱንም ተራ እርሱ ይጫወተው ጀመር፤ የቀሩት ሦስቱ የእርሱን ቃል እየሰሙ ጠጠር የሚያንቀሳቅሱ እጆች ብቻ ሆኑ። ተራው የደረሰው ተጫዋች ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር ማንም ምክር እንዳይሰጥ የራሳችንን ደንብ አወጣን። ልጁ የመጀመሪያውን ቀን ከንፈሩን ነክሶ አሳለፈው።

ካርታው በየተራ ቁራጭ በቁራጭ የሚገጣጠምበት ካርካሶንና ቲኬት ቱ ራይድም በሰፊው ተወደዱ፤ በተለይ የባቡር መስመር የሚዘረጋበት ቲኬት ቱ ራይድ በአሥር ደቂቃ ስለሚገባ አዲስ አባል በመጣ ቁጥር የምናወጣው እርሱን ነው።

በስክራብል ምትክ የሞከርነው ኮድኔምስ ብዙ ያሠራንና ብዙም ያሳቀን ነው። ስክራብል ለላቲን ፊደል የተሠራ በመሆኑ በ100 ጠጠሮቹ ላይ ከ200 በላይ የሆኑትን የአማርኛ ሆሄያት ማስፈር የማይሆን ነገር ነው፤ ኮድኔምስ ግን የሚጫወተው በሙሉ ቃላት ስለሆነ አባላቱ ካርዶቹን ራሳቸው በአማርኛ ጻፏቸው። 25 ቃላት አምስት በአምስት ይደረደራሉ፤ የየቡድኑ መሪ በአንድ ቃልና በአንድ ቁጥር ፍንጭ እየሰጠ የወገኑን ቃላት ያስገምታል፤ ከ25ቱ አንዱ «ነፍሰ ገዳይ» የሚባል ቃል ሲሆን፣ እርሱን የነካ ቡድን እዚያው ይሸነፋል። አንድ ቀን መሪው «ወንዝ» እና «ዋና» የሚሉትን አስቦ «ውኃ፣ ሁለት» አለ። ቡድኑ «ወንዝ»ን ወዲያው አገኘ። «ዋና»ን ግን ሁሉም «ዋና ከተማ» እንደሚባለው አንብበውት ስለነበር «ደመና»ን ነኩ፤ ነፍሰ ገዳዩ «ደመና» ነበር። መሪው መናገር ስለማይፈቀድለት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሲዋኝ ታየ፤ እርሱም ቢሆን ከደንብ ውጭ ነው፤ ደግሞም ዘግይቶ ነበር።

አዳዲሶቹ ጨዋታዎች ችግር የለባቸውም ማለቴ አይደለም። የደንብ መጽሐፋቸው ረጅም ነው፤ አንዱን ለማስረዳት ብቻ ሙሉ የስብሰባ ጊዜ ያለቀበት ሳምንት ነበር። ሁለት የአሥረኛ ክፍል አባላት የየጨዋታውን ደንብ በአንድ ገጽ አማርኛ ጠቅልለው ጽፈውልናል፤ ገጾቹ በየሳጥኑ ክዳን ውስጥ ተለጥፈዋል። በሚቀጥለው ዓመት ክበቡን የሚረከቡት እነርሱ ናቸው።

በመጨረሻው ስብሰባ ያቺ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ካታንን በአምስት ነጥብ ከሁሉም በታች ሆና ጨረሰች፤ አሸናፊው አሥረኛውን ነጥብ ሲያስቆጥር እርሷ ገና በሁለት ሱፍ አንድ ጡብ ለማግኘት እየተከራከረች ነበር። ሳጥኑን ስናሽግ እንደ ልማዷ ካርዶቹን በየዓይነታቸው ለየች። ሱፍ 19 መሆን ሲገባው 18 ሆነ። ጠረጴዛው ሥር ፈለግን፣ ወንበሮቹን አነሣን፤ በኋላ ከራሷ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ወደቀ።